ጌጤ በግ ስትጠብቅ የዋለችበት ጉባኤ

ጌጤ ገሳይ ከተማ ላይ ከአስፋልቱ ዳር ድንች ትሸጣለች። የቁጠባና ብድር ማኅበሩ የቦርድ አባል የሆነችው ሳታስበው ነው። በምርጫው ዕለት «አንዲት ሴት እንኳ ትግባ እንጂ» ተባለና ሰው ሁሉ ዞር ዞር ብሎ አየ። የመጣችው ሴት እሷ ብቻ ነበረች። ባሏ ይሻው ማታ ነገሩን ሲሰማ ደመወዝ እንዳለው ጠየቀ። የለውም አለችው። ከዚያ ወዲያ ለብዙ ጊዜ ስለ ቦርዱ አላነሣም።

ሁለት የሥራ ዘመን አገለገለች። ጉና ተራራ ላይ በረዶ የገበሬውን ገብስ ሲያወድመው፣ ወጥታ አይታ «የዚህ ሰው ብድር ይራዘምለት» ብላ የምትከራከር እሷ ናት። ባልና ሚስት ማን ይቆጥብ ማን ይበደር ተባብለው ሲኳረፉም መሐል ገብታ ታስታርቃለች። አብረዋት ከተመረጡት አንዱ ኑሮውን ደብረ ታቦር አደረገ፤ አንዱ ታመመ፤ አንዱ ጊዜ የለኝም ብሎ ጠላ ቤት መዋል ጀመረ። የቀራት ሊቀ መንበሩ ነጂብ ነው። ነጂብ ጨርቅ ነጋዴ ነው፤ ክፉ ወሬ እንኳ ሲያወራ ጨርቅ እንደሚለካ ሰው ቀስ ብሎ ነው።

የሥራ ዘመኗ ሲያልቅ ጌጤ ደስ አላት። ጉልበቷን ያማታል፤ ድንቹም ባለቤት ይፈልጋል። ችግሩ፣ ተተኪ የሚመርጠው ጠቅላላ ጉባኤው ነው፤ ጉባኤው ደግሞ ከአባላቱ ከግማሽ በላይ ካልተገኘ አይከፈትም። አንዴ ተጠራ፤ ዝናብ በተነው። ሁለተኛ ተጠራ፤ ለቅሶ ሆነና ሰው ሁሉ ወደ ቀብር ሄደ።

«ይኸ ሦስተኛውም ከከሸፈ» አላት ነጂብ፣ «እትዬ ጌጤ፣ እስኪሳካ ድረስ አንቱ ቦርዱ ውስጥ አሉ ማለት ነው።»

ጌጤ «እስኪሳካ» የሚለውን ቃል ስታሰላስለው አደረች። በማግሥቱ መቀነቷን አጥብቃ የአባላቱን ቤት ታዳርስ ጀመር። ያያት ሁሉ፣ ይችን ሴት የማኅበር ፍቅር ገደላት አለ። እሷም አላረመቻቸውም።

በጉባኤው ዕለት በማለዳ ወደ ጉና ወጣች። ያገኘችውን አባል ሁሉ ቁልቁል እየሰደደች ሽቅብ ስትል፣ በመጨረሻ አስታ የሚባለው የደጋ ቁጥቋጦ ከሚጀምርበት፣ ከአዲስዓለም ቤት ደረሰች። አዲስዓለም ባሏ የሞተባት ሴት ናት። ማኅበሩ ሲቋቋም ጀምሮ አባል ስትሆን፣ ቁጠባዋን በገበያተኛ እጅ ትልካለች እንጂ አንድ ቀን ስብሰባ ረግጣ አታውቅም። ጌጤ ምክንያቱን ጠየቀቻት።

«በጎቹስ?» አለች አዲስዓለም። «ቀበሮው ቀን አይመርጥም።»

ለጎረቤት አደራ ብትሰጪስ አለቻት። አዲስዓለም ጎረቤቶቿም አባላት እንደሆኑ፣ ሁሉንም አሁን ወደ ስብሰባ የሰደደቻቸው ራሷ ጌጤ እንደሆነች አስረዳቻት። ጌጤ ዘወር ብላ አየች። እውነትም ተራራው ላይ ሰው የለም።

«በትሩን ስጪኝ» አለቻት።

«በግ ያውቃሉ እትዬ?»

«ድንች ነው የማውቅ። ሂጂ፣ ይረፍድብሻል።»

አዲስዓለም ነጠላዋን አጣፍታ ወረደች። ከዓይን ከተሰወረች በኋላ ነው ጌጤ ነገሩን ያሰበችው፤ አንድ አባል ልካ ሌላ አባል፣ ራሷን፣ አስቀርታለች፤ ለቁጥሩ ምንም አልጨመረችም። ብትጣራ የሚሰማ የለም። ድንጋይ ላይ ተቀመጠች።

ጉሙ ሲመጣ በጎቹ ይጠፋሉ፤ ሲገለጥ ሌላ ቦታ ይገኛሉ። ከቀትር በኋላ አንድ ቀበሮ ከአንድ ረጅም የጅብራ ተክል ሥር ብቅ ብሎ ቁጭ አለና አያት። ድንጋይ ወረወረች፤ ሳተችው። ቀበሮው ጥቂት ቆይቶ በገዛ ፈቃዱ ሄደ። አዲስዓለምን በየስብሰባው «ቀሪ» ሲሏት፣ እሷም አብራ «ቀሪ» ስትል ኖራለች። በጉን ማን ይጠብቅላት ብሎ የጠየቀ አልነበረም፤ ጌጤም አልጠየቀችም። ይኸ ከብርዱ ይልቅ ከነከናት።

ሊመሽ ሲል አዲስዓለም ተመለሰች። ጉባኤው ሞልቶ እንደተረፈ ነገረቻት። ነጂብ እትዬ ጌጤ የት ቀሩ ብሎ ሲጠይቅ፣ የኔን በጎች እየጠበቁ ነው ብላ ነገረችው። ሰው ሳቀ። እሷም አፏን ከከፈተች አይቀር፣ ስብሰባው ሰው ሁሉ በሚወርድበት በገበያ ቀን ቢሆን ምን ነበረበት ብላ ተናገረች። ተወያዩና፣ ጠቅላላ ጉባኤው ከእንግዲህ በገበያ ቀን እንዲሆን ወሰኑ።

«በአንቱ ቦታም እኔን መረጡ» አለች፣ መሬት መሬት እያየች። «አንቱን አመስግነው አጨበጨቡ።»

ጌጤ ከድንጋዩ ተነሣች። በትሩን መለሰችላት።

«ቦርዱ ግን በየወሩ ይሰበሰባል አሉኝ» አለች አዲስዓለም።

«ይሰበሰባል።»

ሁለቱም ወደ በጎቹ ተመለከቱ።

ጌጤ ዛሬ የቦርድ አባል አይደለችም። ነጂብ በየወሩ ስብሰባውን ከፍቶ የተገኙትን ሲቆጥር፣ አዲስዓለም ከፊት ወንበር ትገኛለች። ይሻው አንድ ቀን፣ ከሥልጣን ወርጃለሁ አላልሽኝም ወይ ብሎ ሚስቱን ጠይቋት ነበር። ወርጃለሁ አለችውና ወደ አዲስዓለም በጎች ዳገቱን ወጣች። ዘንድሮ ክረምት ሲገባ ደግሞ ከገበያ ቦቲ ጫማ ገዝታለች።