ይሉኝታዬን ተሸክሜ በኦስትሪያ በረዶ ላይ

ቅዳሜ ጠዋት፣ ኪልበርን፣ ለንደን

ከቤት የወጣሁት በሁለት ሻንጣ፣ በአንድ ልጅና በአንድ ውሸት ነው። ሻንጣዎቹን ጎተትኳቸው። ልጄ ነጃት ሃያ ስድስት ዓመቷ ስለሆነ በራሷ እግር ትሄዳለች። ውሸቱ ግን ሃያ ዓመት አብሮን የኖረ፣ ከቤተሰቡ አባል የማይለይ ነው።

ለንደን ከመግባቴ በፊት ሰሜን ስዊድን ውስጥ ሁለት ክረምት በስደት ተቀምጫለሁ። ማዘጋጃ ቤቱ ለስደተኞች ስኪ ያስተምር ነበር። እግሬ ሥር ሁለት ረጃጅም ሳንቃ አስሬ፣ ጠፍጣፋ ሜዳ ላይ፣ ከአንዱ አጥር ወደ ሌላው አጥር እሄድ ነበር። እውነቱ ይኸው ነው። ለልጆቼ ስተርክላቸው ግን ሜዳው ገደል ሆነ፣ አጥሩ ጫካ ሆነ፣ ከኋላዬም ተኩላ መጣ። በሚቀጥለው ዓመት አንድ ተኩላ አይበቃም ብዬ ሦስት አደረግኳቸው።

ነጃት ያንን እየሰማች አድጋ የስኪ ሰው ሆነች። አሁን ደግሞ ልቧ ያለው ኦስትሪያ ውስጥ በሁለት የተራራ ጫፎች መካከል ባለ አንድ ማለፊያ ላይ ነው። ከመሪ ጋር፣ በእግር ኃይል፣ ከአንድ የተራራ ጎጆ ወደ ሌላው እያደሩ የሚሄዱበት መንገድ ነው። አምና ማለፊያው ሥር ደርሳ አየሩ ተበላሽቶ ተመለሰች። ዓመቱን ሙሉ የዕረፍት ፈቃዷን አጠራቅማ፣ ፎቶውን ፍሪጁ ላይ ለጥፋ ጠበቀች። በጥር ወር አብራት የምትሄደው ጓደኛዋ እጇን ተሰበረች። መሪው ከአራት ሰው በታች አይወጣም፤ ጉዞው ሊሰረዝ ነው። ልጄ እራት ላይ አንገቷን ደፍታ ስታለቅስ አፌ «እኔ አለሁ» አለ። እኔን አላማከረኝም።

የቀረውን ክረምት ሁሉ ቅዳሜ ቅዳሜ ጣሪያ ያለው የበረዶ አዳራሽ እየወሰደች አሠለጠነችኝ። ቁልቁል መውረድ እንደምንም ለመድኩ። የጉዞው ፎርም ላይ «ልምድ ያለው» የሚለውን ቲክ ያደረገችው እሷ ናት። ተኩላዎቹን አስባ መሰለኝ።

ባለቤቴ ዘሃራ በር ላይ ቆማ በሚጥሚጣ ያበደ ዳቦ ቆሎ በትልቅ ፌስታል ሰጠችኝና ከላይ እስከ ታች አየችኝ። «ሃያ ዓመት የምትነዳው ባስ ፎቁ ላይ ምን እንዳለ የማታውቅ ሰውዬ፣ ተራራ ልትወጣ ነው?» አለች። እውነቷን ነው፤ ፎቁን አላውቀውም።

ቅዳሜ ከሰዓት፣ ኢንስብሩክ

ከአውሮፕላኑ መስኮት ተራሮቹን ስታይ ነጃት ፈገግ አለች። እኔ ሳያቸው ቀበቶዬን አጠበቅኩ።

ቡት ልንከራይ ገባን። የስኪ ቡት ለማያውቀው ሰው፣ እግርን ደረቅ ሲሚንቶ ባልዲ ውስጥ ከትቶ ባልዲውን በዘለበት መቆለፍ ማለት ነው። አከራዩ ተንበርክኮ አንዱን አጠለቀልኝ፤ ጠበበኝ። ሁለተኛውን አመጣ፤ ሰፋኝ። ሦስተኛውን ይዞ ከጓዳ ሲመለስ ግንባሩ ላይ ላብ አየሁ። ይኼኛው ልክ ሊሆን ምንም አልቀረውም፤ ተረከዜ ላይ ብቻ እንደ ጠጠር የሚቆረቁር ነገር አለው። ይመችሃል ወይ ሲለኝ፣ ሦስት ጊዜ ለተንበረከከልኝ ሰው ምን ልበለው? አራተኛ ጓዳ ልስደደው? «ልክ ነው፣ እጅህ ይባረክ» አልኩት።

የዚህ ጉዞ ታሪክ እዚያች ወንበር ላይ አልቋል። የቀረው ዝርዝር ነው።

እሑድ፣ የመጀመሪያው ጎጆ

መሪያችን ሉካስ ሸለቆው መጨረሻ ላይ፣ አውቶቡስ የሚያዞርበት ቦታ ጠበቀን። ከሠላሳ አምስት ዓመት የማይበልጥ፣ ቃላት በኩፖን የሚታደሉት የሚመስል ሰው ነው። የበረዶ ናዳ ቢቀብረን የቀሩት እንዲያገኙን የሚያስችል መሣሪያ ደረታችን ላይ አሰረልን። አካፋም ለየራሳችን ተሰጠን። ተሳፋሪ ሆኜ የራሴን መቃብር መቆፈሪያ ስሸከም የመጀመሪያዬ ነው።

ከዚያ የስኪያችን ሆድ ላይ ጸጉራም ጨርቅ ለጠፍን። ጨርቁ ወደ ፊት ያንሸራትታል፣ ወደ ኋላ ግን አይለቅም፤ ዳገቱ የሚወጣው በዚያ ነው። ማዶ ሊፍት አለ። ባዶ ወንበሮቹ ተራ በተራ በነፋስ እየተወዛወዙ በሽቦ ሲወጡ አይቻለሁ። ለምን በዚያ እንደማንሄድ ነጃትን ስጠይቃት፣ ባባ እንደሱማ ቺቲንግ ነው አለችኝ።

ሉካስ ከመነሳታችን በፊት የኩፖኑን ግማሽ አወጣ። «በየሰዓቱ እንዴት ናችሁ እላችኋለሁ። የእናንተ ሥራ እውነቱን መንገር ነው፤ ሌላው የእኔ ነው። አንድ ሰው ካልቻለ ሁላችንም እንመለሳለን፤ መሪው አንድ ነው።» ሁላችንም ራሳችንን ነቀነቅን። አብዝቼ የነቀነቅኩት እኔ ነኝ።

አብረውን ያሉት ከሆላንድ የመጡ ጡረተኛ ባልና ሚስት፣ ሁለቱም ከሰባ በላይ ናቸው። ከኋላ ቀርተው የሚያጫውቱኝ ሰዎች አገኘሁ ብዬ ደስ አለኝ። በግማሽ ሰዓት ውስጥ ጉንዳን አክለው ታዩኝ። በአንድ ሰዓት ውስጥ አልታዩኝም።

ሉካስ ቆሞ ጠበቀኝና በእንግሊዝኛ እንዴት ነህ አለኝ። ተረከዜ ይፋጃል። እኔ ግን ያደግኩት አሰላ ነው። እንዴት ነህ ለሚል ሰው መልሱ አልሃምዱሊላህ ነው፤ ሆድህን ተቀደህ ተኝተህም ቢሆን አልሃምዱሊላህ ነው። «በጣም ደህና፤ አንተስ? ቤተሰብስ እንዴት ነው?» አልኩት። ትንሽ ግራ ገብቶት እናቴ ደህና ናት ብሎ ሄደ።

ለነጃት ግን በአማርኛ የሆዴን ተናገርኩ። እግሬ ተቆርጦ ከታች ወድቋል፣ ተመልሰሽ ፈልጊልኝ አልኳት። ሳቀች። ከአንድ ሰዓት በኋላ ሞቻለሁ፣ ለእናትሽ ደውዪ አልኳት። አሁንም ሳቀች። ምን ታድርግ፤ ስሞት ስታይ ነው ያደገችው።

እስከ ጎጆው አራት ሰዓት ሙሉ ዳገት ወጣን። ቡት አውልቆ የጎጆውን ነጠላ ጫማ ማድረግ ግዴታ ነው፤ የደረሰኝ ሁለቱም የግራ ነበር። ፍል ውሃ በሊትር ይሸጣል፤ በዋጋው ኪልበርን ሃይ ሮድ ላይ ምሳ ይበላል። እራት አሳማ የሌለበት የምስር ሾርባ አገኘን። የጎጆዋ ባለቤት ድስቱን ይዛ መጥታ ይጨመርልህ ወይ አለችኝ። ኧረ በቃኝ፣ አመሰግናለሁ አልኩ፤ እንድትለምነኝ እየጠበቅኩ። ድስቱ ሄደ። እንዲሁ፣ ሰላምታ እንኳ ሳይሰጠኝ ሄደ። ነጃት ሦስት ሳህን በላች። ይህን ያህል ዘመን ለንደን ኖሬ፣ ሰዎቹ አንድ ጊዜ ብቻ እንደሚጠይቁ ጭንቅላቴ ያውቃል። አፌ ግን ገና ቪዛ አላገኘም።

ሌሊቱን በአንድ ረጅም አልጋ ላይ አምስታችንም ተደርድረን አደርን። የሆላንዱ ሰውዬ ያንኮራፋል ማለት አይገልጸውም፤ ጣሪያው ላይ ያለው በረዶ ሲንሸራተት ሰምቻለሁ።

ሰኞ፣ ሁለተኛው ጎጆ

ዳገቱ ቀጥ ሲል በዚግዛግ ይወጣል፤ በየጠርዙ መዞር አለ። አንዱን ስኪ አንስተህ ፊቱን ወደ ኋላ ታዞራለህ። ለአፍታ አንድ እግርህ ወደ ጣሊያን፣ ሌላው ወደ ጀርመን ያያል። ከዚያ ሁለተኛውን ማምጣት ነው። አሥራ ሰባት ጊዜ ዞርኩ፣ አሥራ ስድስት ጊዜ ወደቅኩ። ባስ እንኳ እንዲህ አይዞርም።

ሉካስ በየሰዓቱ ጠየቀኝ፣ በየሰዓቱ ደህና ነኝ አልኩ። ጎጆው ስንደርስ መጸዳጃ ቤት ገብቼ ካልሲዬን ሳወልቅ ካልሲው ከሥጋዬ ጋር ወጣ። ተረከዜ ውሃ ቋጥሮ፣ ፈንድቶ፣ ቀይ ሆኗል። ይህን አላጋንንም። ወረቀት ጠቅልዬበት ካልሲውን መልሼ አጠለቅኩ።

ስወጣ ነጃት መስኮት ጋ ቆማለች። ማለፊያው ከዚያ ይታያል፤ በሁለት ጥርሶች መካከል ያለ ክፍተት ይመስላል። አየሩ ጥሩ ነው አለችኝ፣ ነገ እንሻገራለን። ፍሪጁ ላይ ያለውን ፎቶ እንዳየሁት ሁሉ ፊቷን አየሁት። ብናገር እንመለሳለን፤ መሪው አንድ ነው። ኢንሻአላህ አልኳት። እራት ላይ ይጨመር ሲሉኝም በቃኝ አልኩ።

ማክሰኞ፣ ማለፊያው ሥር

ንጋት ላይ በአሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ወጣን። ከሦስት ሰዓት ጉዞ በኋላ፣ ማለፊያው ሊደረስ አንድ ሰዓት ሲቀረው፣ ሉካስ አረፍ በሉ አለ። የዘሃራን ዳቦ ቆሎ አውጥቼ ዘረጋሁለት። አይ፣ አመሰግናለሁ አለ። ቅመስ እንጂ አልኩት። አልፈልግም አለ። ባለቤቴ የሠራችው ነው፣ በሞቴ ብዬ እፍኝ ሙሉ መዳፉ ላይ አፈሰስኩ። በላ። ሚጥሚጣው ሲደርስበት ዓይኑ እንባ አቀረረ።

«ጀማል፣ ሁለት ጊዜ እምቢ አልኩህ። ለምን አትሰማኝም?»

ነጃት እየሳቀች አስረዳችው። «እኛ ጋ የመጀመሪያው እምቢ አይቆጠርም። ሁለተኛውም ፖላይት ለመሆን ነው። የሰው እውነት የሚወጣው በሦስተኛው ነው።»

ሉካስ ማኘኩን አቆመ። ፊቱን ወደ እኔ አዞረ፤ ከዚያ ዓይኑን ወደ ቡቴ አወረደ።

«እግርህ እንዴት ነው?» አለኝ።

«ደህና ነው።»

«እግርህ እንዴት ነው?»

«ምንም አይልም፣ አታስብ።»

ነፋሱ ዳቦ ቆሎውን ከፌስታሉ ላይ እያነሳ ይበትናል። የነጃት ሳቅ ቆሟል። ማለፊያው ከትከሻዋ በላይ ቁጭ ብሏል፤ አንድ ሰዓት፣ አንድ ሰዓት ብቻ።

«እግርህ እንዴት ነው?» አለ ሉካስ ለሦስተኛ ጊዜ፣ ድምፁን ሳይለውጥ።

«ተልጧል» አልኩ። «ከትናንት ጀምሮ።»

ተኩላ አልጨመርኩበትም።

ቡቱን አስወልቆ ቁስሉን አየው፣ አጥቦ በፋሻ ጠቀለለው። ሲጨርስ እንመለሳለን አለ። ዳገት ነው ተረከዝ የሚልጠው፤ ቁልቁለቱ ቡቱ ተቆልፎ ስለሆነ እየተነፋረቅኩም ቢሆን ወረድኩት። ነጃት ከፊቴ ትወርዳለች፣ አንድም ጊዜ ዞራ አላየችኝም።

ተመልሰን ሁለተኛው ጎጆ ስንደርስ ጓንቷን ጠረጴዛው ላይ ወረወረች። ለምን አልነገርከኝም አለችኝ። ነግሬሻለሁ፣ እግሬ ተቆርጧል ብዬሻለሁ አልኳት።

«እሱንማ እንደ ተኩላዎቹ ግማሹን ብቻ ነው ያመንኩት» አለች።

እዚህ ላይ የምቀልደው አጣሁ። በአማርኛ አጋንኜ፣ በእንግሊዝኛ ደብቄ፣ እውነቱ በሁለቱ መሃል ወድቆ ቀርቶ ኖሯል። ተኩላ እንዳልነበረ፣ አጥር ብቻ እንደነበረ ነገርኳት። ሦስቱም ወይ አለችኝ። ሦስቱም አልኳት። ሻይዋን አንስታ ጀርባዋን ሰጠችኝ።

ሉካስ መጥቶ ካርታውን ዘረጋ። «ከማለፊያው ወዲያ ሌላ ዳገት አለ። እዚያ ሆነህ ብትነግረኝ ሄሊኮፕተር ነበር የምጠራው፤ ለሁሉም ሰው ጉዞው ያልቅ ነበር። እዚህ ስለነገርከኝ ነገ አለችን። የመጨረሻውን ጎጆ እንተወዋለን። አየሩ ካልተበላሸ ሦስቱን ማለፊያው ላይ አድርሼ እመልሳለሁ። አንተ እዚህ ትቀመጣለህ።» ሦስት ሲቀሩስ የአራት ሰው ሕጉ አልኩት። አራተኛው ሾርባ ይበላል አለ። ሰውዬው ቀልድ ያውቃል ማለት ነው፤ ሦስት ቀን ደብቆኝ።

ረቡዕ፣ ሁለት የግራ ነጠላ ጫማ

እነሱ ሲወጡ፣ እዚህም ጎጆ የደረሰኝን ሁለት የግራ ነጠላ ጫማ አድርጌ በረንዳው ላይ ቆሜ ሸኘሁ። ከአንድ ሰዓት በኋላ ጭጋግ መጥቶ ማለፊያውን ዋጠው። ተቀመጥኩ፣ ተነሳሁ፣ መስኮቱን ጠረግኩ፤ ጭጋጉ ከውጭ መሆኑን እያወቅኩ ጠረግኩ። ምሳ ላይ የዚህኛዋ ጎጆ ባለቤት ድስቱን ይዛ ስትመጣ ጥያቄዋን ሳትጨርስ አዎ አልኳት። ጭልፋዋ አየር ላይ ቆመ።

ሰባት ሰዓት ገደማ ከጭጋጉ ውስጥ አራት ነጥቦች ወጡ። ቆጠርኳቸው፤ ደግሜ ቆጠርኳቸው። ነጃት ከፊት ነበረች፣ ጉንጯ በንፋስ ተጠብሶ። ስኪዋን በረዶው ላይ ተከለችና አጠገቤ ቁጭ አለች።

«እንዴት ነበር?» አልኳት።

«ደህና።»

«እንዴት ነበር?»

«አልሃምዱሊላህ፣ ምንም አይልም።»

ገባኝ። የኔ ልጅ ናት። ለሦስተኛ ጊዜ ጠየቅኳት።

«ባባ፣ ከላይ ምንም አይታይም ነበር» አለች። «ነጭ ብቻ። ወዲያ ያለውን ለማየት ነበር ዓመቱን ሙሉ... ግን እግሬ ቆሞበታል።» ከኪሷ ጥፍር የምታህል ጥቁር ድንጋይ አውጥታ መዳፌ ላይ አስቀመጠች። ራሷን ትከሻዬ ላይ ጣል አደረገች። የሆላንዱ ሰውዬ ማንኮራፋት ከውስጥ መጣ፤ ቡቱን እንኳ አላወለቀም።

ሐሙስ፣ ኪልበርን

ማለዳ በስኪ እስከ ሸለቆው ወረድን። ከሸለቆው አውቶቡስ፣ ከአውቶቡሱ አውሮፕላን፣ ከአውሮፕላኑ ባቡር። ቡቱን ስመልስ አከራዩ ተስማማህ ወይ ሲለኝ፣ አልተስማማኝም፣ ጥፋቱ ግን የኔ ነው አልኩት። አራተኛ ነበረኝ እኮ አለኝ። ይህችን እንኳ ባልሰማኋት ምን ነበረበት።

ጉዞው ምን አስተማረህ ለሚለኝ አንባቢ፦ ሰው በሚናገርበት ቋንቋ ሁሉ ያንኑ አንድ እውነት ይናገር። አጋኖ ለጨዋታ ጥሩ ነው፣ ይሉኝታም ለጎረቤት። ተራራ ላይ ግን ሁለቱም ተረከዝ አያድኑም፤ የሚከፍለውም ተረከዙ ብቻ አይደለም።

ዘሃራ በሩን ከፈተች። ከላይ እስከ ታች አየችኝና እንዴት ነህ አለች። አልሃምዱሊላህ ምላሴ ጫፍ ደርሶ ነበር፤ ያዝኩት።

«ተረከዜ ተልጧል፣ ሦስት ቀን ሙሉ ርቦኛል፣ አንድ ሰውዬ ሲያንኮራፋ እንቅልፍ አልተኛሁም፣ ልጅሽን አስቀይሜያታለሁ፣ ከዚያም ታርቄያታለሁ።»

ዘሃራ ነጃትን አየቻት፣ ሻንጣውን ከእጄ ተቀበለችና ወደ ውስጥ ዞረች።

«ይኼ ሰውዬ ማጋነኑን አይተው» አለች።

መተላለፊያው ላይ ቁጭ ብዬ ካልሲዬን አወለቅኩ።