ክሌም ሳያየው የገዛው ጠመንጃ

ሐሙስ ጥቅምት 22 ቀን 1987 እ.ኤ.አ. ሄድሊ ፕሮሰር ሲሞት፣ በሥራ ጠረጴዛው ላይ ያላለቀ የጠመንጃ ሰደፍ ነበር። መዳፍ እንዳይንሸራተት የሚቀረጸው መስመር በቀኝ በኩል አልቋል፤ በግራ በኩል አልተጀመረም። ዕድሜው ሰባ አንድ ነበር፤ አርባ ስድስቱን ዓመት በእንግሊዝ፣ በሄርፎርድሺር ገጠር ጠመንጃ ሲጠግን ኖሯል።

የዚያ ሳምንት ሰኞ ጎረቤቱ ገበሬው ክሌም ተጅ በብርድ ልብስ የተጠቀለለ ነገር ታቅፎ መጣ። በስልክ ተጫርቶ የገዛው የመቶ ዓመት ባለሁለት አፈሙዝ ጠመንጃ ነው። ቅዳሜ የቆቅ አደን አለ።

"ስሙን እየው! አባቴ ዕድሜውን ሙሉ የተመኘው ሠሪ ነው።"

"ከመግዛትህ በፊት አይተኸዋል?"

"በጨረታው ካታሎግ ላይ። እንደ መስታወት ያበራል።"

ሄድሊ አፈሙዞቹን ፈትቶ በአንድ ጣቱ አንጠለጠላቸውና በጥፍሩ መታ አደረጋቸው። ጤነኛ አፈሙዝ እንደ ደወል ያስተጋባል፤ እነዚህ እንደ ተሰነጠቀ እንስራ ድፍን አሉ። የብረቱን ውፍረት በሺኛ ኢንች ለካ። ዝገት የበላውን ለመደበቅ አንድ ሰው ከውስጥ ሞርዶታል።

"ከሃያ ማነስ አልነበረበትም፤ አሥራ ሁለት ነው። እሱም ግራ እጅህ የሚይዝበት ላይ።"

"ትናንት ሁለቴ ተኩሼበታለሁ! ይኸው ጣቶቼ፣ ቁጠራቸው!"

"አሥር ናቸው። እሑድም መጥተህ አስቆጥረኝ።"

"አንተ ሽማግሌ፣ ቀንተህ ነው እንጂ!"

"የገዛኸው ፎቶውን ነው። በፎቶው ተኩስ።"

ክሌም ጠመንጃውን ጠቅልሎ በሩን ወርውሮበት ወጣ።

ሄድሊ በተናገረው ተጸጸተ። ሰው የተሳቀበት ጠመንጃ ደህና መሆኑን ለማሳየት ብቻ እንደሚተኩስበት ያውቃል። ማክሰኞና ረቡዕ ሰደፉን ይዞ ተቀመጠ፤ እጁ ግን እምቢ አለው።

ሐሙስ ከምሳ በኋላ የራሱን ጠመንጃ ብስክሌቱ ላይ አስሮ ዳገቱን እየገፋ ወጣ። ሐኪሙ ስለ ልቡ ዳገት ከልክሎት ነበር። ክሌም በረቱ ደጃፍ ላይ ቆሟል።

"ስድቡን ልትጨርስ ነው የመጣኸው?"

"ይቅርታ ልጠይቅህ ነው። ቅዳሜ በኔ ተኩስ። የዚያኛውን አፈሙዞች ግን ስጠኝ።"

ክሌም ጭቃውን በጫማው ጫረ።

"አባቴ ቢሆን እኮ ሳያይ አይገዛም ነበር" አለ።

"ስንቱ ሳያይ ገዝቷል፣ ወንድሜ።"

ክሌም የሄድሊን ጠመንጃ ተቀብሎ ቤት ገባና አፈሙዞቹን አመጣ። ሻይ እንዲጠጣ ለመነው፤ ሄድሊ ሳይመሽ ልውረድ አለ። አፈሙዞቹን በገመድ አስሮ ቁልቁለቱን ወረደ፣ ሱቁ ሳይዘጋ ዳቦ ገዛ፣ ቤቱ ገብቶም አፈሙዞቹን ብረት ሣጥኑ ውስጥ ቆለፈባቸው።