በስቅለት ጎድን የበላው የወልዴ ጀግና

እሱማ ከዳላስ ወጣ ብላ ያለችው ዋይሊ ገብቶ ሰው ሆኗል አሉ። ቅዳሜ ቅዳሜ ሣር ያጭዳል፣ ጎረቤቱ ፈረንጅ ነው፣ በአጥር በኩል ሰላም ይባባላሉ። ሚስቱ አስሊም ሁለት መኪና የሚያስገባ ጋራዥ አገኘሁ ብላ አንገቷን ቀና አድርጋለች። ደግ አደረገች፣ እኔ ምን አገባኝ። እኔን የቆጨኝ ኮቴው ነው። እዚህ ካሮልተን እነሱ ከላይ እኔ ከሥር ስንኖር፣ ከሰዓት በኋላ ወልዴ ጣራዬ ላይ ወዲህ ወዲያ፣ ወዲህ ወዲያ ሲል ይውል ነበር። አሁን የገቡት ልጆች እንደ ድመት ነው የሚራመዱት። ሰው ይኑር አይኑር አይታወቅም።

ወልደ ሥላሴን ነው የምልሽ፣ ኤርፖርት ታክሲ የሚነዳውን፣ የአሰለፈችን ባል። መጽሐፍ ጻፈ ሲባል የሰማሽው እሱን ነው። ጻፈ ይበሉት እንጂ አንዲት ፊደል በእጁ አልጣለም። ሌሊት ይነዳል፣ ቀን ትንሽ ይተኛል፣ ከዚያ ተነስቶ እየተንጎራደደ ይናገራል። አስሊ ከምትሠራበት ነርሲንግ ሆም፣ ከአረጋውያኑ መጦሪያ መጥታ፣ ሰማያዊ ልብሷን እንኳ ሳታወልቅ፣ ጠረጴዛው ላይ ተደፍታ ትጽፋለች።

«ቀስ በል እንጂ፣ እጄ ዛለ» ትለዋለች።

«ፈረሱ እየጋለበ እንዴት ቀስ ልበል?» ይላታል።

እኔ ፊደል አልቆጠርኩም፣ መጽሐፉን ግን ከማንም በፊት የጨረስኩት እኔ ነኝ። ስኳር አለቀብኝ ብዬ እወጣለሁ፣ ምዕራፉ ሲያልቅ እወርዳለሁ። አስሊ በኋላ ላይ በር ስከፍት ስኳሩን ቀድማ ታቀብለኝ ጀመር። ተቀብዬ እቀመጣለሁ።

ይሄ ነገር ከየት መጣበት ብትይኝ፣ ከሱዳን ነው። ወጣት ሆኖ በእግሩ ገዳሪፍ ገብቶ መጠለያ ውስጥ ሲኖር፣ ጋሽ ተሻገር የሚባሉ የእንግሊዝኛ አስተማሪ አብረውት ነበሩ። እሳቸው ደግሞ ልጅ ሳሉ ያነበቧቸውን መጻሕፍት በቃላቸው ይዘው ነው የተሰደዱት። ሻንጣቸውን በረሃ ላይ ጥለዋል፣ መጻሕፍቱን ግን አልጣሉም። የመጻሕፍቱ ጸሐፊ አንድ ጺሙ ደረቱ ላይ የወረደ እንግሊዛዊ ነው አሉ፣ ከሞተ መቶ ዓመት ያለፈው። በአጤ ቴዎድሮስ ጊዜ ከእንግሊዝ ጦር ጋር ለጋዜጣ ወሬ ሊልክ መቅደላ ድረስ የመጣ ሰው ነው። ሀገሩ ሲመለስ ለወንዶች ልጆች የጦርነት ታሪክ ይጽፍ ጀመር። የግሪኩን፣ የሮማውን፣ የህንዱን፣ ያልጻፈው ጦርነት የለም። እሱም በእጁ አይጽፍም፤ ፒፓውን እያጨሰ ይናገራል፣ ተቀጣሪው ይጽፋል። ወልዴ ማንን አይቶ እንደሚንጎራደድ ገባሽ አይደል?

የሰውዬው ጀግና ሁልጊዜ ያው ነው። አሥራ አምስት ዓመት የሆነው ልጅ፣ አባት የሞተበት፣ እናቱ የምታለቅስ። ልጁ ጦር ሜዳ ይሄዳል፣ የጦሩ አለቃ ያየውና ስምህ ማን ነው ልጄ ይለዋል፣ ይማረካል፣ ያመልጣል፣ ወርቅ ይዞ ይመለሳል፣ እናቱ ማልቀሷን ትተዋለች። አንዱን የሰማ ሁሉንም ሰምቷል። ግን ወልዴ እንደሚለው፣ ፀሐይ ዘንበል ስትል ጋሽ ተሻገር ድንጋያቸው ላይ ሲቀመጡ፣ ውኃ ሊቀዳ የተሰለፈው ሳይቀር ጀሪካኑን ጥሎ ይመጣ ነበር። ለጦርነቱ ብለው እንዳይመስልሽ። ለምግቡ ነው! ጀግናው ከመዋጋቱ በፊት የግድ ይበላል። ጋሽ ተሻገር ጦርነቱን በሁለት ቃል ያልፉትና ምግቡ ላይ ሲደርሱ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ። ስቡ እሳቱ ላይ ሲንጠባጠብ፣ ዳቦው ሲቆረስ፣ እንቁላሉ ሲሰነጠቅ። ያ ሁሉ የማሽላ ገንፎ የሰለቸው ጎረምሳ ምራቁን እየዋጠ ያዳምጣል። አንዱ እንዲያውም ዛሬስ በላሁ ብሎ ተኛ አሉ።

ጋሽ ተሻገር እዚያው ቀሩ። ወባ ነው። ወልዴ ዳላስ መጣ፣ መኪና አጠበ፣ ጋራዥ ውስጥ ሠራ፣ ታክሲ ያዘ። ከዓመታት በኋላ አሮጌ መጽሐፍ የሚሸጥበት ቤት ገብቶ ያን እንግሊዛዊ መደርደሪያ ላይ አገኘው። ጀርባው በወርቅ ቀለም የተጻፈበት፣ ፈረስ ያለበት። ታክሲው ውስጥ ሆኖ አነበበው። ቤቱ ሲገባ ፊቱ ልክ አልነበረም። አስሊ ምን ሆንክ ስትለው፣ ምግቡ የለም አላት። ጀግናው ቁርሱን በላ ይልና ያልፈዋል፣ ሌላ ነገር የለም። ያ ሁሉ ጥብስ የጋሽ ተሻገር ኖሯል። ከራሳቸው ነበር የሚጨምሩት። ወልዴ ይህን ሲነግረኝ ዓይኑን ወደ መስኮቱ አዞረ፣ እኔም ስኳሬን ይዤ ወረድኩ።

መጻፍ የጀመረው ከዚያ ወዲህ ነው። ለማን መሰለሽ? ለያፌት። ልጁ ነዋ! እዚሁ ተወልዶ አማርኛ ስትነግሪው ይሰማል፣ ሲመልስ ግን በእንግሊዝኛ ነው። አባቱ ወሬ ሲጀምርለት ያችን ገመድ ጆሮው ውስጥ ይሰካል። ወልዴ የኛ ልጅ የሚጋልብበት መጽሐፍ የለማ፣ ምን ያንብብ ይል ነበር። ሶ እንግሊዛዊው ከመቅደላ ሥር ሆኖ ወደ ላይ ያየውን፣ እሱ ከላይ ሆኖ ወደ ታች ሊያይ ተነሳ። ጀግናው መኳንንት ይባላል፣ ትልቁን መድፍ ተራራ ላይ ከሚጎትቱት ጋር የሚጎትት ልጅ። አባት የለውም፣ እናቱ ታለቅሳለች። በእንግሊዛዊው ወግ።

መጽሐፉ ታተመ። እዚሁ ቅርብ፣ ፋርመርስ ብራንች ከተማ ያለ አንድ ማተሚያ ቤት ነው ያወጣው፣ ካርቶኑ ደረጃውን ሞላው። ቄስ ዘማርያምም ፈቀዱ፤ ከፍልሰታ በኋላ እሑድ፣ ከቅዳሴ ስንወጣ አዳራሹ ውስጥ ይመረቃል፣ ወልዴ አንድ ምዕራፍ ያነብባል፣ ለሰንበት ትምህርት ቤት ልጆች በነፃ ይታደላል። ወልዴ ሙሉ ልብሱን ለብሶ መጣ። ያፌት የመጨረሻው ወንበር ላይ ኮፍያውን ደፍቶ ተቀምጧል። አባትየው ሲያነብብ ዓይኑ ከዚያ ልጅ ላይ አይነሳም ነበር። ሌላው ሰው ቢያጨበጭብ ባያጨበጭብ ግድ አልነበረውም።

ያነበበው ከጦርነቱ በፊት ያለውን ምዕራፍ ነው። መልካም አነበበ። የእናትየው ልቅሶ ላይ እንዲያውም አንዳንዱ አፍንጫውን ጠረገ። ቀጥሎ መኳንንት ከእሳቱ ዳር ተቀምጦ የበግ ጎድን ይግጥ ጀመር። ስቡ በአገጩ ይወርዳል፣ ጣቱን ይልሳል። አዳራሹ ጸጥ አለ። ወልዴ ወደዱልኝ ብሎ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

እማዋይሽ እጇን አነሳች። እማዋይሽ የሰንበት ትምህርት ቤቱ እናቶች አለቃ ናት፤ በጾም ጊዜ የልጆቹን ብስኩት ወተት አለበት የለበትም ብላ ከጀርባው የምታነብብ ሴት።

«ይቅርታ ወልደ ሥላሴ፣ ቅድም ዕለቱ ስቅለት ነበር አላልክም?»

«ብያለሁ። ጦርነቱ የዋለው በስቅለት ነው።»

«ታዲያ ጎድኑን ማን ጠበሰለት?»

«እናቱ ናታ።»

«በስቅለት?»

ወልዴ መጽሐፉን አየው፣ ገለበጠው፣ መልሶ አየው። «ጦርነት እኮ ነው እማዋይሽ» አለ።

«ጦርነቱንማ እኛም አይተነዋል። ጎድን አልበላንበትም።»

ሳቁ ከኋላ ተነሳ። በክፋት አይደለም፣ ግን ሰው ቅዳሴ ቆሞ ሲወጣ ይርበዋል፣ ሲርበው ይስቃል። እኔም ሳቅሁ፣ ምን ላድርግ። ወልዴ ሲያየኝ ነጠላዬን አፌ ላይ አደረግሁ። ያፌት ግን አልሳቀም። ተነስቶ ወደ ፓርኪንጉ ወጣ። አባትየው ልጁ ሲወጣ አየ፣ መጽሐፉንም ዘጋው። ምዕራፉ አላለቀም ነበር።

ቄስ ዘማርያም በኋላ ትከሻውን ይዘው በደግ ቃል ነው የነገሩት፤ ልጆቹን ጾም እናስተምር ብለን ስንት ስንታገል፣ ጀግናው ራሱ በስቅለት ሥጋ ሲበላ እንዴት እንሰጣቸዋለን አሉት። ካርቶኑ ተመልሶ ፎቅ ወጣ። ከዚያ በኋላ ጣራዬ ዝም አለ። ስኳር ልበደር ብወጣ ሶፋው ላይ ተጋድሞ ግድግዳ ያያል። እንግሊዛዊው በቴዎድሮስ ተራራ አላሸነፈኝም፣ እማዋይሽ ናት ያሸነፈችኝ አለኝ። ሳቀ እንዳልለው ፊቱ አልሳቀም።

አስሊ ናት መላ ያመጣችው። ለፖስታ አድራሻ የሚለጠፈውን ነጭ ወረቀት ገዛች። ከኋላው ልጣጩን ትልጪና ትለጥፊዋለሽ። ጥብሱ ያለበትን አንቀጽ በሙሉ ሸፍነን ሌላ ምግብ እንጻፍበት አለች። አንድ ቅዳሜ ሴቶቹ ተሰበሰብን፣ እማዋይሽ ሳትቀር፣ እሷም ትንሽ ከንክኗት ነበር። እኔን ማንበብ አትችይም ብለው ልጣጩን ላጭ አደረጉኝ። አሁን ጭቅጭቁ ልጁ ምን ይብላ ሆነ። አንዷ ሽሮ አለች። ሌላዋ በስቅለት ሽሮ ተበልቶ ያውቃል አለች። ከጸሎተ ሐሙስ የተረፈ ጉልባን ይቅመስ የሚል ሐሳብ መጣ። እማዋይሽ እስኪመሽ ድረስ ውኃም የለም አለች። እኔ በበኩሌ አባት የሌለው ልጅ ተራራ የሚያህል መድፍ ሊጎትት በባዶ ሆዱ አይሄድም አልኩ። መጨረሻ ለቄስ ዘማርያም ኮል አደረጉላቸው። እሳቸውም ቅዝቅዝ ባለ ድምፅ ይጹማ አሉ።

ሶ በዚያ ሁሉ ነጭ ወረቀት ላይ አስሊ አንዲት መስመር ጻፈች፣ «መኳንንትም ምንም ሳይቀምስ ወጣ» ብላ። ወልዴ ከጓዳ ብቅ ብሎ አየና ተመለሰ።

መጽሐፉ እንደገና ቤተ ክርስቲያን ሄደ፣ ታደለ። ልጆቹ እንደ ወጉ ተቀብለው እንደ ወጉ ወንበር ላይ ጣሉት። አማርኛ ማንበብ ለነሱ ድንጋይ መግፋት ነው። ከትልልቆቹ አንዷ፣ መኪና የምትነዳልኝ የልጅ ልጄ ናኦሚ፣ ገልበጥ ገልበጥ ስታደርግ ያን ነጭ ወረቀት አየች። አንዲት መስመር ብቻ፣ የቀረው ባዶ። በጥፍሯ ጫፉን ነካካችው። ከሥሩ ፊደል አለ። ገና ስትጮህ ሌሎቹ ሁሉ መጽሐፋቸውን አንስተው ይልጡ ጀመር። የደበቁባቸው ነገር አለ፣ አለቀ! መስኮት ላይ የሚያስጠጋ፣ በምራቁ የሚያረጥብ፣ ፊደሉን አንድ አንድ እያለ የሚጠራ። ጎ፣ ድ፣ ን። ጎድን ምንድን ነው ተባባሉ፣ የሚያውቅ ጠፋ።

«ሪብስ ነው» አለ አንድ ድምፅ። ያፌት ነው። «አባቴ ሲያወራው ሰምቻለሁ፣ እናቱ ሪብስ ሠርታለት ነው።»

በቃ፣ አንብብልን አሉት። እሱም እየተደናቀፈ፣ ቃሉን እያጣመመ፣ ስቡ ሲንጠባጠብ የሚለውን አነበበላቸው። የቴክሳስ ልጆች አይደሉ፣ ሪብስማ ያውቃሉ። ሲጨርስ ከዚያስ ምን በላ አሉት፣ እሱም ገጹን ገለጠ፣ ጦርነቱ ውስጥ ገቡ።

እኔና ወልዴ ከበሩ ኋላ ቆመን ነበር። እሱ እጀታውን ይዞ አይከፍተውም። ልግባ አልልም፣ ብገባ ያቆማል አለኝ በሹክሹክታ። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ «እኛም የጀመርነው ከጥብሱ ነው እማማ» አለ። ከዚያ ማዶ ወዳለው አዳራሽ ሄዶ ወንበር ማጠፍ ጀመረ፤ ማንም ሳይጠይቀው ሁሉንም አጠፈ።

ከዚያ በኋላ ሌላ መጽሐፍ ጀመረ፣ ጣራዬም ሲረገጥ ከረመ፣ ዋይሊ እስኪሄዱ። እማዋይሽ ግን እስከዛሬ ይገርማታል። እንዴት ቄስ ትምህርት ቤት ያደገ ሰው ስቅለት ብሎ ጽፎ በሚቀጥለው ገጽ ጎድን ያስበላል ትላለች። እኔ ዝም እላለሁ። አሁን ላንቺ ብቻ ነው የምነግርሽ፣ ደግሞ ለአስሊ አትንገሪያት።

ያን ምዕራፍ የተናገረው በሕማማት ሳምንት ነበር። በዚያው ሳምንት ናኦሚ ፋርመርስ ብራንች ልትወስደኝ ስትነዳ መንገዱ ጠፍቶባት ከመጋዘኖቹ ጀርባ ገባን። የወልዴ ታክሲ እዚያ ፓርክ ተደርጋለች፣ ሰው የማያልፍበት። ታመመ እንዴ ብዬ ወርጄ መስኮቱን አንኳኳሁ። ጉንጩ ሞልቷል፣ ጭኑ ላይ የወረቀት ባልዲ፣ ጺሙ በዘይት ያብረቀርቃል። ሲያየኝ መዋጥም መትፋትም አቃተው። መስኮቱን ዝቅ አደረገና የዶሮዋን እግር ከአጥንቷ ይዞ ሳይደብቃት፣

«ዓሣ ነው እማማ» አለኝ።