ደም ከኪኒን በፊት

ሥራ የጀመርኩት አራዳ ውስጥ፣ ኩላሊት የተተከለላቸው ሰዎች በሚከታተሉበት ክሊኒክ ነው። የመጀመሪያው ቀን ኃላፊዬ ሲስተር አልማዝ የክንድ ማሰሪያ ጎማ፣ መርፌና ሐምራዊ ክዳን ያላቸው ብልቃጦች ፊቴ ደረደሩና፣ "የደም ሥር ማግኘቱን ትለምጂዋለሽ፤ እዚህ ቤት ዋናው ሰዓት ነው" አሉኝ።

ነገሩንም በአጭሩ አስረዱኝ። ሰውነት የሌላ ሰው ኩላሊት ሲገባበት ባዳ ነው ብሎ ይዋጋዋል። ኪኒኑ ውጊያውን ያበርዳል። ሲበዛ ራሱ ይጎዳል፤ ሲያንስ ሰውነት የአዲሱን ኩላሊት የደም ሥሮች ያጠቃል፣ ግድግዳቸው ይወፍራል፣ ደም የሚያልፍበት ይጠባል። ስለዚህ መጠኑ በየጊዜው በደም ይለካል። ደሙ መወሰድ ያለበት የጠዋቱ ኪኒን ከመዋጡ በፊት ነው። ከተዋጠ በኋላ ከተወሰደ ቁጥሩ ከፍ ብሎ ሐኪሙን ያሳስታል። ቅጹ ላይ "ከኪኒን በፊት" የሚል ሣጥን አለ፤ በሽተኛውን ጠይቀን ምልክት እናደርጋለን።

ሁለት ዓመት ያህል በደንብ ጠየቅሁ። ከዚያ እጄ ለመደና ስም እንደጻፍኩ ሳልጠይቅ ምልክቱንም አብሬ ማድረግ ጀመርኩ።

ጋሽ ተፈራ ፒያሳ ሰዓት ሠሪ ነበሩ። ኩላሊቱን የሰጧቸው ታናሽ እህታቸው ወይዘሮ አስካለ ናቸው። ሁለቱ ከእሪ በከንቱ ሰፈር ዳገቱን ቀስ እያሉ ወጥተው ይመጣሉ፤ ወንድም ሲገቡ እህት ውጭ አግዳሚው ላይ ይጠብቃሉ። የኪኒኑን ሰዓት እንዳያሳልፉ ደጋግሜ ሳስጠነቅቃቸው ጋሽ ተፈራ ይቀልዱብኝ ነበር።

"ልጄ፣ እኔን ሰዓት ልታስተምሪ? የአራዳን ሰው ሁሉ ለቀጠሮው ያደረስኩ ሰው እኮ ነኝ።"

የደማቸው ቁጥር ከፍ ብሎ መጣ። ዶክተሩ መጠኑን ቀነሱ። በሚቀጥለውም ከፍ አለ፤ ደግመው ቀነሱ። ከወራት በኋላ ኩላሊቱ መድከም ጀመረ፤ ከራሱ ከኩላሊቱ ላይ ናሙና ተወሰደ። ዶክተሩ ውጤቱን ይዘው መጥተው፣ "የደም ሥሮቹ እየጠበቡ ነው። ደማቸው ውስጥ ይህን ያህል መድኃኒት እያለ እንዴት?" አሉ። የጋሽ ተፈራን ቅጾች አንድ በአንድ አገላበጡ። ሁሉም ላይ የኔ ምልክት አለ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም።

ያን ዕለት ጋሽ ተፈራን ክንዳቸውን ከማሰሬ በፊት ጠየቅኋቸው።

"ዛሬ ኪኒኑን በስንት ሰዓት ዋጡ?"

"በአሥራ ሁለት ሰዓት ነዋ።"

"ደም በሚወሰድበት ቀንም?"

"ደም ስለሚወሰድ ሰዓት ይዛነፋል እንዴ? አንድ ደቂቃ አሳልፌ አላውቅም።"

እውነታቸውን ነው። ሰዓት እንዳያሳልፉ ያልኳቸው እኔ ነኝ። የደም ቀን ግን ሳይውጡት ይዘውት እንዲመጡ አልነገርኳቸውም።

ለዶክተሩ ተናገርኩ። አልተቆጡም፤ ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። መጠኑን አስተካክለው፣ "ያልጠበበውን እናተርፋለን። የጠበበው አይመለስም" አሉ። ለጋሽ ተፈራ መድኃኒቱ አንሶ እንደነበረና የደም ቀን ኪኒኑን ሳይውጡ እንዲመጡ ነገሯቸው። የኔን ጥፋት እንድነግራቸው ለኔ ተዉልኝ። አልነገርኳቸውም። ፈራሁ።

በሚቀጥለው ቀጠሮ ወይዘሮ አስካለ አግዳሚው ላይ ሆነው ጠሩኝ።

"ሲስተር፣ ወንድሜ እንቅልፍ አጥቷል። 'የእህቴን አካል በገዛ እጄ አበላሸሁት' ይላል። ምን አጥፍቶ ነው?"

"እሳቸው ምንም አላጠፉም። ያጠፋሁት እኔ ነኝ" አልኩና ስለ ምልክቱ ነገርኳቸው።

በእጃቸው ወደ ውስጥ አመለከቱኝ።

"ለኔ ምን ያደርግልኛል? ግቢና ለሱ ንገሪው።"

ገብቼ ነገርኳቸው። ጋሽ ተፈራ እስክጨርስ ሰሙኝ። ይቅር ብዬሻለሁ አላሉኝም። ከደረት ኪሳቸው የጠዋቱን ኪኒን ከነማሸጊያው አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡና ክንዳቸውን ዘረጉ።

"በይ፣ ገና አልዋጥኩም። ጻፊ።"

ኩላሊቱ ደክሞም ቢሆን ዛሬም ይሠራል። ለአዳዲስ ነርሶች የምነግራቸው አንድ ነገር ነው፦ መርፌ ከማንሳታችሁ በፊት መጨረሻ የዋጡበትን ሰዓት ጠይቁ፤ በምልክት ፋንታ ሰዓቱን ጻፉ።