ከኋላችን የሞላው ባሕር

ነሐሴ ነበር። ደርግ ከወደቀ ጥቂት ዓመታት አልፈዋል፤ እኔም እዚሁ ለንደን፣ አርችዌይ ነበር የምኖረው። ያን ሰሞን ከተማዋ እንደ አሰብ ግላለች፤ አውቶቡስ ውስጥ ሰው ሁሉ ላብ በላብ ሆኖ ይቆማል። እናንተ አብራችሁኝ ልትወርዱ ያሰባችሁ፣ ዓሣ ማጥመድ ሲባል ወንበር ዘርግቶ መቀመጥ ይመስላችኋል። እኛ የምንፈልገው ሲ ባስ የሚባለው ዓሣ ግን ሰመር ላይ ሸርጣን ፍለጋ ወደ ዳር፣ ጉልበት ወደማያልፍ ውሃ ይወጣል። እሱን የሚያድን ሰው ባሕሩ ሲሸሽ አሸዋውን በእግሩ ተከትሎ ይገባል፤ የባሕሩ ሙላት ሳይመለስ ይወጣል። አደጋውም ያለው እዚያችው «ሳይመለስ» የምትለው ላይ ነው።

ሦስት ነበርን። ጋሽ ተስፋይ ምጽዋ ተወልደው ያደጉ፣ ካምደን የሚኖሩ ጡረተኛ ናቸው፤ መንጠቆ ማሰር ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ብርሃኑ ደግሞ ሼፈርድስ ቡሽ ገበያ ጫማ የሚሸጥ ጓደኛዬ ነው፤ መኪናዋም የሱ ነበረች። ባሕሩ የሚሞላበትን ሰዓት ቼክ አድርገን፣ ማልደን ቴምዝ ከባሕር ወደሚቀላቀልበት ዳርቻ ነዳን።

እርጥቡን አሸዋ እንደረገጥን ጋሽ ተስፋይ ጎንበስ አሉ። የድስት ክዳን የሚያህል ጎድጓዳ ምልክት ነበር፤ ጠርዙ ገና አልፈረሰም።

«ጠፍጣፋው እዚህ በልቶ ነው የሄደው» አሉ። «ውሃ ውስጥ እግራችሁን አታንሱ፣ መሬት ለመሬት ጎትቱት። አሸዋ ለብሶ ይተኛል። ቢነኩት ይሸሻል፤ ቢረግጡት ይወጋል።»

እንግሊዞቹ ስቲንግሬይ የሚሉትን ማለታቸው ነው፤ እንደ ሰፌድ የተዘረጋ፣ ጭራው ላይ እንደ መጋዝ የተሳለ መርዛም እሾህ ያለው። ብርሃኑ ሳቀ። «ጋሼ፣ እዚህ አገርማ ዓሣውም ሶሪ ብሎ ነው የሚያልፈው!»

ባሕሩ ሲሸሽ አሸዋው ላይ የተወውን አንድ ቦይ ተሻግረን ከፍ ያለ አሸዋ ላይ ወጣን። የዚያን ቀኑ ሲ ባስ ጉድ ነበር። ትሉን ገና ከመወርወራችን ክሩ ይወጠራል፣ ዘንጉ ይጎብጣል። ብርሃኑ እንደ ልጅ ይጮኻል። በደስታችን መሀል ንፋሱ ቆመ፤ ቀና ስል የብስ የለም። ጭጋግ ከባሕሩ ተነስቶ ዳርቻውን፣ መኪናችንን፣ ሁሉንም ውጦታል።

ዕቃችንን ሰብስበን ወደ ቦዩ ስንደርስ ሞልቷል። ሰዓቱን አልተሳሳትንም፤ ግን ሙላቱ በፊታችን ሳይሆን ዞሮ በቦዩ ነበር የገባው። ከባሕሩ እየሸሸን መስሎን ባሕሩ ከኋላችን ቀድሞናል።

ብርሃኑ ደነገጠና ሮጦ ገባ። ሁለት ጊዜ እግሩን አነሳ። በሦስተኛው የጮኸው ጩኸት የሰው አይመስልም ነበር። ደርሼ በብብቱ ያዝኩት። ቁርጭምጭሚቱ አካባቢ ውሃው ቀልቷል።

«አትነቃነቅ!» አሉኝ ጋሽ ተስፋይ። «አልሄደም።»

አየሁት። ጥቁር ጥላ በዙሪያችን ቀስ ብሎ ዞረ። ከዚያ ክንፉ ባቴን ታከከኝ፤ ለስላሳ ነው፣ እንደ ምላስ። ጭራው ተከትሎ በእግሬ ጫፍ ላይ ሲጎተት ይሰማኛል። ውሃው ወገቤ ደርሷል፤ ብቆም መስጠም ነው፣ ብንቀሳቀስ እሾሁ አለ። ብርሃኑ አንገቴ ላይ ያቃስታል። እኔ ትንፋሼን ይዤ የማውቀውን ጸሎት ሁሉ ጀመርኩ፤ አንዱንም አልጨረስኩም። ጥላው እንደመጣው ቀስ ብሎ ጠፋ።

«አሁን!» አሉ ጋሽ ተስፋይ። «ሙላት ወደ የብስ ነው የሚገፋው፤ ውሃው ጀርባችሁን እየገፋ ይሁን። ድምፄን ተከተሉ።»

በዘንጋቸው መሬቱን እየዳሰሱ ቀደሙን። ወዲያው ጭጋጉ ሸፈናቸው። ድምፃቸው ብቻ ቀረን፤ የምጽዋን ጀልባ፣ የወንድማቸውን ሠርግ፣ ያገኙትን ሁሉ ሳያቋርጡ ያወራሉ። ውሃው ደረቴን አልፎ አገጬን ነካ። አንድ ቦታ ላይ እግሬ መሬት አጣ፤ ጨዋማው ውሃ አፌ ገባ፣ ብርሃኑም ከበደኝ። ድምፃቸው ግን አልተቋረጠም። ወደዚያው ተወራጨሁ። ጣቶቼ አሸዋ ሲነኩ አለቀስኩ።

ዳርቻው ላይ ሻይ የምትሸጥ ሴትዮ ቁስሉን እንዳየች በሳፋ ሙቅ ውሃ አመጣች፤ ሕመሙን የሚያስታግሰው ሙቀት ነው። ከዚያ አምቡላንስ መጣ። ብርሃኑ ዳነ፤ ብርድ ሲሆን ግን እግሩ እስከ ዛሬ ይጠዘጥዘዋል።

አምቡላንሱ ከሄደ በኋላ ጋሽ ተስፋይ ጫማቸውን ሊፈቱ ሞከሩ፤ ማሰሪያውን ደጋግመው ሳቱት። ተንበርክኬ ፈታሁላቸው።

«ጋሼ፣ ፈርተው ነበር እንዴ?»

«ጭጋጉን ገና ሩቅ ሳለ አይቼው ነበር» አሉ። «ያኔውኑ ነው የፈራሁት። ዓሣው ሲይዝላችሁ፣ ስትስቁ፣ ደስታችሁን እንዴት ልስበር? ጥቂት ይጫወቱ ብዬ ዝም አልኩ።» ፊታቸውን አዙረው ባሕሩን አዩ። «ጓደኛህን ልገድልብህ የነበረው እኮ በይሉኝታ ነው» አሉ።

ከእኔ ጋር ወደ ባሕር የምትወርዱ ከሆነ ይህን እወቁ። እኔ ስፈራ አፍሬ ዝም አልልም። ሰማዩ ጥርት ብሎ፣ ዓሣው እየያዘ፣ እናንተም እየሳቃችሁ «ፈራሁ፣ እንውጣ» እላችኋለሁ። ምክንያቱን የብስ ላይ ትጠይቁኛላችሁ።