የሎሚ ጠብታ ያበቀለው አደይ

የእርድን ነገር ታውቁታላችሁ፤ አንዴ ጥፍር ውስጥ ከገባ ቶሎ አይለቅም። ትናንት ከልጄ ጋር የእንቁጣጣሽ ሥዕል ስንሠራ ውለን፣ ዛሬ ቢሮ ተቀምጬ እጄን ወደ ፊቴ ባስጠጋሁ ቁጥር ያ መረር ያለ፣ አፈር አፈር የሚል ሽታ ይመጣብኛል። ልጄ መጀመሪያ አኩርፋ ነበር። ፍላጎቷ ከሱቅ ቀለምና የሚያብረቀርቅ ወረቀት እንድገዛላት ነበር። እኔ ደግሞ በዚህ ጉዳይ ግትር ነኝ፤ የእንቁጣጣሽ ሥዕል ከጓዳ ነው የሚወጣው ብዬ የቅመም ዕቃዎቼን ጠረጴዛው ላይ ደረደርኩላት። ይህን ግትርነት የወረስኩት ከአንዲት ልብስ ሰፊ ነው።

ልብስ ሰፊዋ ባሕር ዳር ባደግኩበት ግቢ ውስጥ ጎረቤታችን ነበሩ። ግቢው ከሐይቁ ብዙም አይርቅም። ክረምቱ ሊወጣ ሲል ጠዋት ጠዋት ታንኳ የሚሠራበት የረጠበ ደንገል ሽታ አጥሩን ተሻግሮ ይመጣል፤ ቀኑን ሙሉ ደግሞ የእሳቸው የስፌት መኪና ሲንጣጣ ይሰማል። ባለቤታቸው ወደ ዘጌ የሚመላለስ ጀልባ ይነዱ ነበር። ልጅ አልነበራቸውም። ጳጉሜ ሲገባ ሴትዮዋ መኪናቸውን ይከድኑና እኛን የግቢውን ልጆች በረንዳቸው ላይ ሰብስበው ቀለም መሥራት ያስተምሩናል። ቢጫው ከእርድ፣ ቀዩ ከቀይ ስር፣ ጥቁሩ ከከሰል ይወጣል። ብሩሻችን የደንገል ዘንግ ነው፤ ጫፉን አኝከን አኝከን እናለሰልሰዋለን። ወረቀቱ የካላንደር ጀርባ ነው። እናቴ ዓመቱ ሳያልቅ ካላንደሯ መገንጠሉን አትወድም፤ "ጳጉሜን በምን ልቁጠራት?" ትላለች። ስለዚህ ለእሷ ስንል የመጨረሻዋን ገጽ ግድግዳው ላይ እንተውላት ነበር።

ሴቶች ይዘፍናሉ፣ ወንዶች ሥዕል ያዞራሉ የሚባለው ነገር በእኛ ግቢ አይሠራም። የግቢው ልጅ ሴት በሴት ስለነበር ሁለቱንም የምንሠራው እኛው ነን። የበዓሉ ጠዋት የመጀመሪያው ሥዕል የልብስ ሰፊዋ ነው፤ ሌላው ጎረቤት ከእሳቸው በኋላ ይደርሰዋል።

ያን ዓመት ግን ግንቦት ላይ ባለቤታቸው ታመው ሞቱ። መኪናው ተከደነ፣ መስኮቱም ተዘጋ። ሴትዮዋ ቤተ ክርስቲያን ለመሳም ካልሆነ በቀር ከቤት አይወጡም። እናቴ ምግብ ይዛ ትገባና ያንኑ ምግብ ይዛ ትመለሳለች። እኔ ስለ ሞት ብዙም አይገባኝም ነበር፤ የገባኝ የመኪናው ዝም ማለት ነው። ከትምህርት ቤት ስመለስ ገና ከበር ጆሮዬን አቁሜ ነበር የምገባው። ሴትዮዋ እንደ ድሮው ይሆኑልን ይሆን እያልኩ ክረምቱን ሙሉ ስጨነቅ ከረምኩ።

ጳጉሜ ሲገባ እናቴ ጠርታ አስጠነቀቀችኝ።

"ሐዘን ቤት ሥዕል ይዞ አይኬድም። ዘንድሮ እትዬ በር ላይ ዘፈንም ሥዕልም እንዳልሰማ። አርፋችሁ እለፉ።"

ሥዕል አይሰማም ብዬ ልመልስላት ፈልጌ ነበር፤ ፊቷን አይቼ ተውኩት።

እናም ያን ዓመት ቀለሙን የሠራነው ብቻችንን ነው፤ እኔና ጓደኛዬ፣ የሰፈሩ ባለሱቅ ልጅ። ጓደኛዬ ሙስሊም ብትሆንም ለእንቁጣጣሽ ሥዕል ከእኔ ብሳ ትተጋ ነበር፤ በኢድ ቀን ደግሞ እኔ ከእሷ ቤት አልጠፋም። ሰፊ ሜዳ ለመሣል ተስማማን። ሜዳ ደግሞ አረንጓዴ ነው። አረንጓዴ ከየት ይምጣ? ጓደኛዬ ሰማያዊና ቢጫ ሲደባለቅ አረንጓዴ ይሆናል ተብለን ተምረን የለ አለች። ቢጫው አለን። ለሰማያዊው እሷው ከአባቷ ሱቅ ሰማያዊ የዱቄት ሳሙና ይዛ መጣች። በውኃ በጠበጥነው፤ ደስ የሚል ሰማያዊ ሆነ። እኔ ሜዳውን በእርድ ቢጫ አድርጌ ቀባሁ፤ እሷ በላዩ የሳሙናውን ውኃ አስኬደችበት።

ሜዳው ቀላ። ዓይናችን እያየ እንደ ሸክላ ቀላ። እሷ እኔን እርዱን አበዛሽው አለች፣ እኔ እሷን ሳሙና ብለሽ በርበሬ ነው ያመጣሽው አልኳት። በኋላማ ያገኘነውን ተባባልን። ስንጨቃጨቅ የቆምነው ደግሞ ከልብስ ሰፊዋ መስኮት ሥር መሆኑን ሁለታችንም ረስተነው ነበር።

መስኮቱ ተከፈተ።

"ምን ሁናችሁ ነው?" አሉ።

በሰማነው ድምፅ ደንግጠን ሥዕሉን ከፍ አድርገን አሳየናቸው። ለአፍታ አዩት።

"ሳሙና አስነክታችሁት ነው። እርድ ሳሙና ሲነካው ይቀላል። እኔም ልጅ ሁኘ ሠርቸዋለሁ።"

መስኮቱ ሲዘጋ ጨዋታው አበቃ ብዬ ነበር። ትንሽ ቆይቶ በሩ ተከፈተና በጥቁር ልብሳቸው፣ የተገመሰ የዘጌ ሎሚ ይዘው ወጡ። በረንዳው ላይ ተቀመጡ። ጣታቸውን ሎሚው ውስጥ ነክረው ቀዩ ሜዳ ላይ ጠብ አደረጉበት። ጠብ ያለበት ቦታ ቀስ ብሎ ወደ ቢጫ ተመለሰ። ደግመው ጠብ አደረጉ፤ ሌላ ቢጫ ወጣ። ቀዩ ሜዳ ላይ አደይ አበባ አንድ በአንድ ሲፈነዳ ዓይኔ እያየ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር አይቻለሁ፣ እንደዚያ ግን የተደነቅኩበትን ቀን አላስታውስም።

"እናንተም ሞክሩ እንጅ፤ እኔን ታዩኛላችሁ?" አሉን።

እናቴ ከገበያ ስትገባ ሦስታችንንም እስከ ክርናችን ቢጫ ሆነን አገኘችን። ዘንቢሏን እንደያዘች ቆመች። የሆነ ነገር ትናገራለች ብዬ ስጠብቅ ወደ ቤት ገባችና ዳቦ በሳህን ይዛ መጣች። ሴትዮዋ ሥዕሉን እያዩ፣ ሳይታወቃቸው በዚያው በቢጫ እጃቸው ሲበሉ እናቴ ጀርባዋን ሰጥታን ዓይኗን ጠራረገች።

ማታ ግን ቃሏን አልቀየረችም። "ማገዛቸው ሌላ፣ በዓል ሌላ ነው። ነገ ታልፋላችሁ" አለችኝ። እኔም ሥዕሎቹን ለየጎረቤቱ ስደለድል ለእሳቸው አላስቀረሁም። ያችን ቀይዋን ግን ለማንም መስጠት አልቻልኩም፤ ፍራሼ ሥር ሸሸግኳት።

በበዓሉ ጠዋት እናቴ ከኋላችን ሆና በእግር ጣታችን እየረገጥን በሴትዮዋ ደጅ ስናልፍ በሩ ክፍት ነበር። ጥቁራቸውን ለብሰው ደፉ ላይ ተቀምጠዋል።

"የእኔስ?" አሉ።

ወደ እናቴ ዞርኩ። እናቴ መሬት መሬት እያየች፣ "ምን ትጠብቂያለሽ፣ ሂጂ አምጪላቸዋ" አለች። እንዴት እንደሮጥኩ እግሬ ይወቀው። ሴትዮዋ ሥዕሏን ተቀብለው ሁለታችንንም ሳሙንና ከባለቤታቸው ፎቶግራፍ ሥር በስፒል ወጓት። "እሱም እንቁጣጣሹን ይይ" አሉ። ጓደኛዬ ቀስ ብላ እጄን ያዘችኝ።

ከመስቀል በኋላ የስፌት መኪናው ድምፅ ተመለሰ። መጀመሪያ የሰማሁት ከትምህርት ቤት ስመለስ ነበር፤ ደብተሬን እንደያዝኩ አጥሩ ሥር ቁጭ ብዬ እስኪበቃኝ ሰማሁት።

ገና ሲደርስ ለበዓል ልብስ ልለካ ገባሁ። ሥዕሏ እዚያው ፎቶው ሥር አለች። ቦታዋ ግን ለመስኮቱ ትይዩ ስለነበር ፀሐይ እርዱን ጨርሳ በልታዋለች። ሜዳውም አበባውም የለም፤ ግድግዳው ላይ የተሰቀለው ነጭ ወረቀት ነው።

"እትዬ፣ ሌላ ልሥራልዎት?" አልኳቸው።

ሜትሩን ክንዴ ላይ እየዘረጉ ቀና ብለው ወረቀቱን አዩት።

"ተይው። አበቦቹ የት የት እንደነበሩ አውቃለሁ" አሉኝና፣ "ክንድሽን ቀጥ አድርጊ" ብለው መለካታቸውን ቀጠሉ።