የአምስት ቤት ቡና

ሥራዬ ቡና መቅመስ ነው። አምና ዘመድ ልጠይቅ ዓለም ከተማ በሄድኩበት ሰሞን፣ ቆላ ያሉ አምስት ጎረቤታሞች የቡናቸውን ቀይ ፍሬ ፈልፍለው ማጠብ ጀምረዋል ሲባል ሰማሁ። በተወለድኩበት አገር የታጠበ ቡና! ደስታው አላስቀምጥ ስላለኝ በማግስቱ በእግሬ ወረድኩ።

አምስቱም ቤተሰብ መምጣቴን ሰምቶ፣ ከጎረቤታሞቹ አንዷ በሆኑት በእትዬ ዘነበች ደጅ ተሰብስቦ ጠበቀኝ። ቡና በአምስት ብርጭቆ ቀረበልኝ፤ ለየቤቱ አንድ መሆኑ ነው ብዬ ገመትኩ። ከመጀመሪያው በማንኪያ ጨልፌ ፉት አልኩና እንደ ሙያዬ ተፋሁት።

«አልጣመህም?» አሉ እትዬ ዘነበች።

«ኧረ ጥሩ ነው፤ ቀማሽ አይውጥም፣ ወጉ ነው።»

«ዓመት ሙሉ የለፋንበትን መትፋት ምን የሚሉት ወግ ነው?»

አፍሬ ሁለተኛውን ዋጥኩት። ሎሚ ሎሚ ይላል፣ መጨረሻው ማር ነው። ልቤ ዘለለ። ሦስተኛውም ያው፣ አራተኛውም ያው፣ አምስተኛውም ያው። ይሄኔ ደነገጥኩ። የአንዱ ጓሮ ቡና ከሌላው በትንሹም ቢሆን ይለያል፤ ምላሴ ከዳኝ ማለት ነው ብዬ ላብ አጠመቀኝ። እነሱ ደግሞ ዓይን ዓይኔን ያያሉ።

«ይቅርታ አድርጉልኝ» አልኩ በመጨረሻ። «እንዲህ ያለ ቡና ቀምሼ አላውቅም። ግን የትኛው ቤት እንደሚበልጥ መለየት አቃተኝ።»

እትዬ ዘነበች እፎይ አሉ። «ተመስገን! አበላልጠኸን እንዳንቀያየም ብለን የአምስታችንንም አንድ ጆንያ ውስጥ ቀላቅለነዋል።»